የጀርባው ገጽ

ሸዋ በር ላይ ካለው ከሰይድ ጸጉር ቤት
ቅዳሜ ከሰዓት አይጠፋም ሙግት።
አንዱ ጢሙን ይዞ፣ አንዱ አረፋ ለብሶ
ያችኑ ጥያቄ ያነሳል መልሶ፤
"ሆጤ ሜዳ ካሉ፣ ኳስ ከነጠረበት፣
እንደ አህመዲን ያለ ማን ታየ በሕይወት?"
"ማንም!" ይላል ቤቱ። ምላጩ ይቆማል።
"ሉባባስ?" የሚል ድምፅ ከጥግ ይሰማል።
ሳቅ ሆነ። "እሷንማ መች ረሳናት!" አሉ፤
"ሴቷ አህመዲን!" አሉ፣ እየተቀባበሉ።

ሴቷ አህመዲን።
እንደ ውሰት ካባ ትከሻዋ ላይ ጣሉት፤
ያምራል፣ ይሞቃልም። የሰው ነው ግን፣ መልሱት።

እኔ ዝም አልኩኝ። እኔ ነኝ ጸሐፊው፤
አስራ ዘጠኝ ዓመት ነጥብ የጻፍኩ ሰው፣
ከጦሳ የሚወርድ ጉም ወረቀት ሲያርስ
በክርኔ ከልዬ፣ ቀለሜ ሲፈስ።
"ዳኛ ይሳሳታል፣ ተመልካች ይረሳል፣
ደብተር ግን..." እል ነበር። ቆይ፣ እሱ ይደርሳል።

አህመዲን ሽፈራው ይዘላል፣ አልክድም።
ሲዘል መሬት ትረሳዋለች፤ ቶሎ አይወርድም።
ቀለበቱን ይዞ ተንጠልጥሎ ሲስቅ፣
የቦርዱ ጣውላ ሚስማሩ ሲላቀቅ፣
ሰው አጥር ላይ ወጥቶ "ወይ ጉድ!" ሲል ሰምቻለሁ፤
እኔም፣ ጸሐፊው፣ ብዕሬን ጥዬ አጨብጭቤአለሁ።

ሉባባ ደምሴ ብዙም አትዘልም።
እንዲያውም ስትሮጥ የቸኮለች አትመስልም።
ዓይኗ ሰኞ ገበያ፣ እጇ ወደ ፒያሳ፤
ያገደቻት ስትዞር ኳሷ አልፋ ደርሳ።
ከዚያ በፊት ግን፣ ሌሊቱን፣ ኮምቦልቻ
ፋብሪካው ፈትል ክፍል፣ ስምንት ሰዓት በእግሯ ብቻ፣
የተበጠሰ ክር ስትቀጥል አድራ፣
በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከሽንኩርቱ ጋራ፣
ሐረጎን ወጥታ ነው። ቅንድቧ ላይ ጥጥ ስላለ
ሸበተች መሰለን። ማን ጠየቀ? ማን ምን አለ?

"የሴት ኳስ ትንሽ ናት" አለ ሰይድ፣ ምላጩን ሲስል።
ትሁና። ቀለበቱስ? ለሴት ብሎ ዝቅ አይል፤
ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም፣ ለሁሉም ያው ነው።
"እንግዲያስ" አለኝ፣ "ቁጥር ነው የሚፈርደው፤
ጸሐፊ አይደለህ? ሂድና ደብተርህን አምጣ።"
ሄድኩ። ከአልጋዬ ስር የቆርቆሮው ሳጥን ወጣ።

የአህመዲን በሰማያዊ፤ ደቂቃው፣ ጥፋቱ፣
ከስሩ ቀይ መስመር፤ አልጎደለም አንዲቱ።
የእሷስ?
የእሷ ከጀርባ ነው፣ በእርሳስ፣ በገጹ ትርፍ፤
የሴቶች ጨዋታ ወንዶች ሲያሟሙቁ ነበር የሚያልፍ፤
እኔም ያን ሰዓት ነው ምሳዬን የምበላ፤
አንድ ሁለት መስመር ጽፌ፣ ቀሪው ይቆይ ለሌላ።
አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦

"ሴቶች። አሸነፉ።
ሴቷ አህመዲን፣ ዘጠኝ ቁጥር፦ ብዙ።"

ብዙ።
ብዙ ስንት ነው? አስራ ስምንት? አርባ?
ደብተር አይረሳም ያልኩት ሰውዬ፣ የት ልግባ?

ሰኞ ሐረጎን ወረድኩ። ፋብሪካው መጋዘን በር
ጨርቅ ትለካለች፣ መነጽር አድርጋ፣ በሜትር።
"ያን ቀን ስንት አገባሽ?" አልኳት፣ እርሳሴን አውጥቼ።
ሳቀች።
"አንተ አልነበርክ እንዴ የምትቆጥረው?"

ጣቃው ተጠቅልሎ አለቀ። ሌላ አነሳች።
"የአህመዲን ጉልበቱ እንዴት ነው?" አለች።
"የኔ የግራው ነው። ደረጃ ላይ።"

ቅዳሜ ሰይድ ፎጣውን አንገቴ ላይ ሲያስር፦
"እህስ፣ ማን ይበልጣል?"
አላውቅም አልኩት።
አንዱን ቆጠርኩ። አንዷን አልቆጠርኩም።

ማታ፣ በላጲስ፣ ሁለቱን ቃል አጠፋሁ፤
ሉባባ ደምሴ ብዬ በሰማያዊ ጻፍኩ።
"ብዙ" የሚለውን ግን ተውኩት፤
እሱ ስህተት አልነበረም።